«ቲቸር፣ እኛ መጤ ነን እንዴ?»

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ፈተና እያረምኩ ሳለ ከአሜሪካ መልእክት ገባልኝ። የላከችው ከዓመታት በፊት አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ሥራም ትዳርም ይዛ እዚያው ትኖራለች። ምራቅ በትንሽ ዕቃ አድርገው በፖስታ የሚልኩትን የዲ.ኤን.ኤ ምርመራ አሠርታ ውጤቱ ደረሳት። የውጤቱን ፎቶ ላከችልኝ። «የእናት ወገን የዘር ሐረግ፦ ኤም 1» ይላል። ከሥሩ ካርታ አለ። አንድ ቀስት ከአፍሪካ ወጥቶ ወደ እስያ ይሄዳል፤ ሌላ ቀስት ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ተመልሶ ወደ እኛ አገር ይመጣል።

ልጅቷ ደስ ብሏት ውጤቱን ገጿ ላይ ለጥፋዋለች። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ኮሜንት ላይ ገብቶ «ይኸው! ድሮም ብለናል፣ እናንተ ከውጭ የመጣችሁ መጤዎች ናችሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ተነሥቶ «እንዲያውም ይሄ ዘራችን ልዩ ለመሆኑ ማስረጃ ነው» አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደባቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚቀጥል ታውቁታላችሁ። እሷ ለእኔ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦

«ቲቸር፣ እኛ መጤ ነን እንዴ?»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። «እመለስበታለሁ» አልኳት። ግን ቃሉ እንቅልፍ ነሣኝ። «መጤ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። ሰው ተወልዶ ካደገበት ቤት ያስወጣ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያለያየ ቃል ነው። ይሄ ቃል አሁን ደግሞ የሳይንስ ካባ ለብሶ ከመጣ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። የባዮሎጂ መምህር የሆነ ባልደረባዬን ሻይ ጋበዝኩትና እያስረዳኝ፣ እኔም ያገኘሁትን እያነበብኩ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። የሚከተለው ለእሷ የጻፍኩት መልስ ነው። ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ አመጣሁት። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይሄ «የእናት ወገን» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከዋናው ዲ.ኤን.ኤ ተለይተው የራሳቸው የሆነ ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ አላቸው። ዋናው ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ሲሆን የእነሱ ግን 16,569 ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ዲ.ኤን.ኤ ከአባትም ከእናትም ተቀላቅሎ ይመጣል። ይሄ ትንሹ ግን ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። ወንድም ሴትም ልጅ ከእናቱ ይቀበለዋል፤ የሚያስተላልፉት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው። እኔ የእናቴን ይዣለሁ፤ ልጆቼ ግን የባለቤቴን እንጂ የእኔን አልያዙም። በዚህ መስመር እኔና አባቴ አንገናኝም ማለት ነው።

ለተማሪ ሳስረዳ በብራና መጽሐፍ ነው የምመስለው። አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል እንበል። ከእሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላ ጸሐፊ ያችን ስሕተት ሳያውቅ ይደግማታል፤ የራሱን አንዲት ስሕተት ደግሞ ይጨምርባታል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ቅጂዎቹን ሰብስቦ ጎን ለጎን የሚያነብ ሊቅ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ከስሕተቶቹ ብቻ ሊያውቅ ይችላል። የማይቶኮንድሪያው ዲ.ኤን.ኤም እንዲሁ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። ያች ለውጥ ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት የልጅ ልጆች ሁሉ ማኅተም ትሆናለች። አንድ ዓይነት ማኅተም ያላቸው ሰዎች በአንድ ቅርንጫፍ ይመደባሉ። ሃፕሎግሩፕ የሚባለው ይሄ ቅርንጫፍ ነው።

የቅርንጫፎቹ ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ መጀመሪያ የተሰጡት በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ለተገኙት ነው፤ ከዚያ እየተጠና ሲሄድ ሌሎቹ ተጨመሩ። እና ፊደሉ የጎሳ ስም አይደለም። የደረጃም አይደለም። የመዝገብ ቁጥር ነው፤ በቃ።

አሁን ወደ ታሪኩ።

በ1987 ሬቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግ እና አለን ዊልሰን የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከተለያየ የዓለም ክፍል የመጡ የ147 ሰዎችን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ አነጻጸሩ። ናሙናውን ያገኙት በአብዛኛው ከእንግዴ ልጅ ነው። ሁሉም መስመሮች ወደ ኋላ ሲቆጠሩ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት በኖረች አንዲት እናት ላይ ይገናኛሉ፤ የዛፉም ሥር አፍሪካ ውስጥ ነው የሚል ውጤት አወጡ። ጋዜጠኞች ወዲያው «ሔዋን» አሏት። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ያች ሴት በዘመኗ ብቻዋን አልነበረችም። ብዙ ሺህ ሴቶች አብረዋት ነበሩ። ግን ሴት ልጅ ያልወለደች እናት በዚህ መስመር ታሪኳ እዚያው ይቆማል። ወንዶች ልጆቿ ደሟን ያስቀጥላሉ፤ ማይቶኮንድሪያዋ ግን ይቀራል። በሺህ ትውልድ ውስጥ መስመር እየተቆረጠ እየተቆረጠ የቀረው የእሷ ብቻ ሆነ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የአፍሪካ ቅርንጫፎች «ኤል» በሚለው ፊደል ይጠራሉ፦ ኤል 0፣ ኤል 1፣ ኤል 2 እያለ ይሄዳል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ቁልፏ ኤል 3 ናት። ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በምሥራቅ አፍሪካ፣ በእኛው ቀጣና ማለት ነው፣ ተወለደች። የዚች እናት ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ አፍሪካ ቀሩ። ጥቂቶች ግን ከአህጉሩ ወጡ። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያሉት ነባር ሕዝቦች የእናት መስመር በሙሉ፣ አውሮፓዊው፣ ቻይናዊው፣ ሕንዳዊው፣ የአውስትራሊያ ነባሩ ሕዝብ ሁሉ፣ ከኤል 3 በወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ይጠቃለላል። አንዷ ኤም፣ ሌላዋ ኤን ይባላሉ። ከዓለም ሕዝብ አብዛኛው የእነዚህ የሁለት እኅትማማቾች ልጅ ነው የምላችሁ!

ኤን ወደ ምዕራብም ወደ ምሥራቅም ተስፋፋች። ኤም ግን ዋና መንደሯ እስያ ነው። ሕንድ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው የእናቱ መስመር ኤም ነው።

እንግዲህ እንቆቅልሹ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያውያን ናሙና ሲመረመር «የእስያ» የተባለችው ኤም እኛም ዘንድ ተገኘች። ያውም አልፎ አልፎ ሳይሆን በብዛት። ይችም ኤም 1 የተባለችው ናት፤ የተማሪዬ መስመር። ምን ልትሠራ መጣች?

በ1999 ሉዊስ ኪንታና ሙርሲና ባልደረቦቹ አንድ መልስ አቀረቡ። ኤም የተወለደችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ከ60,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዚህ ተነሥታ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ሕንድ ሄደች፤ ኢትዮጵያ ያለችው ኤም 1 እዚሁ የቀረችው የቤት ልጅ ናት አሉ። ለእኛ ጆሮ ደስ የሚል መልስ ነው፤ አይደል? የሰው ልጅ በእኛ በር ወጣ፣ ቁልፉም በእጃችን ቀረ እንደማለት ነው።

ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። በቀጣዮቹ ዓመታት የሕንድና የሌላው እስያ ናሙና በሰፊው ሲጠና፣ እዚያ ያለችው ኤም አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሳትሆን በደርዘን የሚቆጠሩ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ፣ እያንዳንዳቸው በቀጥታ ከግንዱ የሚነሡ ቅርንጫፎች ያሏት መሆኑ ታየ። አፍሪካ ውስጥ ያለችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ኤም 1። ይሄ ምን ማለት ነው?

ስለ እህል የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የገብስና የስንዴ ዘር ሰብስቧል። የእሱ አስተሳሰብ «አንድ እህል በጣም ብዙ ዓይነት ያለው መነሻው በሆነው ቦታ ነው» የሚል ነበር። ገበሬ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ማሽላ ሲዘራ በኖረበት ቀዬ ለማሽላው አሥር ስም አለው፤ ትናንት በገባበት ቀዬ ግን «ማሽላ» ብቻ ነው። በኤም ላይም ያሰቡት እንዲሁ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው እስያ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው አንድ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ አንዲት የኤም ልጅ ከዚያ ተመልሳ መጣች ማለት ይቀላል። እርግጥ ይሄ ሕግ ሁልጊዜ አይሠራም። የእኛ ደጋ ስንዴ ዓይነቱ እጅግ ብዙ ቢሆንም ስንዴ መጀመሪያ የለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ተጨማሪው በ2006 መጣ። ከጣሊያኗ ፓቪያ የሆኑት አና ኦሊቪየሪና ባልደረቦቿ፣ ኤም 1ን እና በሰሜን አፍሪካ በብዛት የምትገኘውን ዩ 6 የምትባል ሌላ ቅርንጫፍ በሙሉ ርዝመታቸው አነበቡ። ዩ 6 የኤን የልጅ ልጅ ናት። የእሷም ዘመዶች ከአፍሪካ ውጭ ነው ያሉት። ሁለቱም ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ወደ አፍሪካ ተመለሱ የሚል ውጤት አቀረቡ። ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች የኤም 1ና የዩ 6 ጉዞ አንድ ላይ መሆኑን ተከራክረውበታል። ስለ ኤም 1 ዕድሜ የተሠሩት ስሌቶችም ከ20,000 ትንሽ ከፍ ከማለት ጀምሮ እስከ 40,000 ዓመት ገደማ ይለያያሉ። «ተመልሳ የመጣች ናት» የሚለው ግን ዛሬ አብዛኞቹ የሚቀበሉት ሆኗል።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ መንገር የምፈልገው ነገር አሁን ይመጣል። በ1999 «ኤም እዚህ ተወለደች» ብለው ከፈረሙት ተመራማሪዎች መካከል፣ ኦርኔላ ሴሚኖን ጨምሮ አንዳንዶቹ፣ በ2006 «ተመልሳ የመጣች ናት» በሚለው ጽሑፍ ላይም ስማቸው አለ። የራሳቸውን መልስ ራሳቸው አፈረሱት። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም «ከጀርባችሁ ማን አለ» አላላቸውም። አዲስ ማስረጃ መጣ፣ መልሱ ተቀየረ። እኛ ፌስቡክ ላይ የአምስት ዓመት ፖስታችንን ለማረም ያቅተናል!

ከዚያ ደግሞ አጥንቶቹ መናገር ጀመሩ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚጠናው የዛሬ ሰው ደም ብቻ ነበር። አሁን ግን በሺህ የሚቆጠር ዓመት ከቆየ አጥንት ዲ.ኤን.ኤ ማውጣት ተችሏል። ሦስት ቦታዎችን ልጥቀስ።

አንደኛው ሞሮኮ ነው። ታፎራልት በሚባል ዋሻ ውስጥ ከ15,000 ዓመት በፊት የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ተገኘ። በ2018 በወጣው ጥናት የሰባት ሰዎች የእናት መስመር ተነበበ። ስድስቱ ዩ 6፣ አንዱ ኤም 1። ልብ በሉ፤ ያኔ እርሻ የሚባል ነገር የትም አልነበረም። ሰዎቹ አዳኞችና ለቃሚዎች ናቸው። ኤም 1 ግን ያኔውኑ አፍሪካ ውስጥ ሰሜኑን ይዛ ትኖር ነበር።

ሁለተኛው አውሮፓ ነው። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ኤም የለችም ማለት ይቻላል። በ2016 ግን ቤልጅየምና ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኙ 28,000 እስከ 35,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አጥንቶች ውስጥ ኤም ተገኘች። ታዲያ የት ሄደች? ከዚያ በኋላ የመጣው ከባድ የበረዶ ዘመን ሕዝቡን አመናመነው፤ መስመሩ ተቆረጠ። ቅድም «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ይሄ ነው። ዛሬ አንድ ቦታ የሌለ መስመር ድሮም አልነበረም ማለት አይደለም። የዛሬ ካርታ የድሮ ካርታ አይደለም።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። በጋሞ ደጋ ያለው የሞጣ ዋሻ። ከጎጃሙ ሞጣ ጋር እንዳታምታቱት። እዚያ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ሰው አጽም ተገኝቶ በ2015 ሙሉ ዲ.ኤን.ኤው ታተመ። ከአፍሪካ ከተገኙ ጥንታዊ አጥንቶች ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው እሱ ነው። «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። የእናቱ መስመር ከኤል 3 ቅርንጫፎች አንዷ ናት። ይሄ ማለት የባይራ እናቶች ከአፍሪካ ካልወጡት የኤል 3 ልጆች ናቸው፤ የተማሪዬ እናቶች ደግሞ ወጥተው ከተመለሱት። በሥሩ ግን ሁለቱም የአንዲት የኤል 3 ልጆች ናቸው። አንዷ ልጅ እናቷ ጓሮ ጎጆ ወጣች፤ ሌላዋ ሩቅ አገር ተድራ የልጅ ልጇ ተመለሰች። ስትመለስ «አንቺ መጤ ነሽ» የሚላት የትኛው ዘመድ ነው?

በነገራችን ላይ የሞጣው ጥናት መጀመሪያ ሲወጣ ከውጭ ወደ አፍሪካ የተመለሰው ደም እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በሁሉም ውስጥ አለ የሚል ነበር። ጥቂት ወራት ቆይተው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ሥራው ላይ አንድ ደረጃ ተዘልሎ መሳሳታቸውን አሳወቁ። ድምዳሜውም ጠበበ። አሁንም እላለሁ፤ ዕውቀት የሚያድገው እንዲህ ነው።

አሁን ዛሬ ኤም 1 የት የት አለች? ከሁሉም በላይ የምትበዛው በአፍሪካ ቀንድ ነው። በአማራም፣ በኦሮሞም፣ በትግራይም፣ በጉራጌም ውስጥ ተገኝታለች። በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ዘንድም አለች። በግብፅና በአባይ ሸለቆ፣ በሰሜን አፍሪካ በርበሮች፣ በየመንና በሳዑዲ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በትንሽ በትንሹ ትገኛለች። አንደኛው ንዑስ ቅርንጫፏ ወደ እኛ ያደላል፤ ሌላው ወደ ሰሜን አፍሪካና ሜዲትራኒያን። የታፎራልቱ የሁለተኛው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደገኛውም ቆላውም፣ ሴም ቋንቋ የሚናገረውም ኩሽ ቋንቋ የሚናገረውም ይዟታል። የጎሳ ድንበር ላይ ደርሳ የቆመችበት ቦታ የለም።

በ2004 ቶማስ ኪቪሲልድና ባልደረቦቹ የ270 ኢትዮጵያውያንንና የ115 የመናውያንን የእናት መስመር አጥንተው ነበር። በሁለቱም አገር ግማሽ ገደማው የአፍሪካዎቹ ኤሎች፣ ግማሽ ገደማው ደግሞ የኤምና የኤን ልጆች ሆኖ ተገኘ። ባብ ኤል መንደብ፣ የእንባ በር የሚሉት ወሽመጥ፣ ስፋቱ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች በር ሰው ወዲያም ወዲህም ሲመላለስ ኖሯል። አንዳንዱ በንግድ፣ አንዳንዱ በጋብቻ፣ አንዳንዱም በባርነት ታስሮ። ግማሽና ግማሽ የሆነ ሕዝብ ውስጥ «ንጹሕ» የሚባለው የቱ ነው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለውን አገር በሙሉ አስፍታችሁ አስቡት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። «እኛ መጤ ነን እንዴ?»

ለልጅቷ የጻፍኩላት አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዘመኑን አስቢ። ኤም 1 አፍሪካ ስትገባ በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ15,000 ዓመት በፊት ነው፤ የታፎራልት አጥንት ምስክር ነው። ያኔ አማርኛ የለም፣ ኦሮምኛ የለም፣ ግእዝ የለም። ጤፍ አልተዘራም፣ በሬ አልተጠመደም። አክሱም ሊመሠረት ከ10,000 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ዛሬ የምንጣላባቸው ስሞች አንዳቸውም ያኔ አልነበሩም። ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ሌላ ትልቅ የሕዝብ መቀላቀል እንደነበረ ሌላ ጥናት ያሳያል። እሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ወቅጦ «ይኸው ማስረጃ» ማለት ታሪክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይሄ መስመር ያንቺ አንዱ ክር ብቻ ነው። እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? ወደ ኋላ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ስንት ቅድመ አያት አለሽ? ሁለት እናትና አባት፣ አራት አያት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያልሽ ስትሄጂ 128 ይደርሳል። ኤም 1ን የሰጠችሽ ከ128ቱ አንዷ ናት። በአሥረኛው ትውልድ ከ1,024 አንዷ። የቀሩት ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ የሉም። በአንዲት ክር ጥለቱን ሁሉ አይናገሩም።

ሦስተኛ፣ እስቲ እንዲህ አስቢው። በ1999 ዓለም ያመነው ኤም እዚህ ተወለደች ብሎ ነው። በ2006 ተመልሳ የመጣች ናት ተባለ። ያንቺ ምራቅ በ1999 ቢመረመር ነባር ትባዪ ነበር፤ በ2006 መጤ ልትባዪ ነው ማለት ነው? በሰባት ዓመት ውስጥ አንቺ ምንም አልሆንሽም። እናትሽ እዚያው ቤቷ ቡናዋን እያፈላች ነው። የተለወጠው የአንድ መጽሔት ገጽ ነው። በመጽሔት ገጽ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ያ የሰው መብት ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፣ ለሰደበሽም ላወደሰሽም መልሱ አንድ ነው። የምትኖሪበት ቦታ ላይ መብት የሚሰጥሽ ከስንት ሺህ ዓመት በፊት የነበረች ሴት የተራመደችበት አቅጣጫ አይደለም። «ነባር ነኝ» የሚለውም ቢሆን ኤል መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ አልኖረም፤ አፍሪካ ውስጥ ሲንከራተት ኖሯል። ቆሞ የጠበቀ ሰው የለም። ሁላችንም የመጣን ነን፤ የሚለየን የመጣንበት ሌሊት ብቻ ነው።

ልጅቷ አንብባ «እሺ ቲቸር፣ ገባኝ» ብላ መለሰች። ቀጥላ ግን ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ እርስዎ የእናትዎን እናት እናት ያውቋታል?»

ዝም አልኩ።

በአባቴ በኩል ሰባት ቤት በደንብ እቆጥራለሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ በምሽት አስቀምጦ ያስቆጥረኝ ነበር፤ ስስት ደግሞ «ከመጀመሪያው ጀምር» ይለኝ ነበር። ስማችንም እንደዚሁ ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የእናት ስም በስማችን ውስጥ የለም። መስመሩ በደማችን ውስጥ 16,569 ፊደል ሆኖ ሳይቋረጥ መጥቷል፤ በአፋችን ግን ሁለት ትውልድ እንኳ አላለፈም።

በማግሥቱ እማዬጋ ደወልኩ። የእናቷን እናት ስም ነገረችኝ፤ አልፋም የእሷን እናት ስም ነገረችኝ፤ ከዚያ ቆመች። «ከዚያ በላይ ማን ጠይቆ ያውቃል ልጄ?» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ያቺ ሦስተኛዋ ግን ከወንዝ ማዶ ተድራ የመጣች ነች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች።

ይኸው! የእኔም ቅድመ አያት ከማዶ የመጣች ናት። አብዛኞቹ እናቶቻችን እንዲያ ናቸው። ሴት ልጅ በእኛ ባህል ተድራ ከአባቷ ቀዬ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። ወንዱ ርስቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆጠርለት፣ እሷ በየትውልዱ እንግዳ ሆና ትገባለች፤ እንግዳ ሆና የገባችበትን ቤት ቤት የምታደርገው ግን እሷ ናት። በዚህ ቋንቋ ከተነጋገርን እናት ሁሉ መጤ ናት። ያለ እሷ ግን ነባር የሚባል አንድም ልጅ አይወለድም።

ሦስቱን ስሞች ደብተሬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ልጆቼን ከአባቶቻቸው ጋር አብሬ ላስቆጥራቸው ወስኛለሁ። እነሱ የሚይዙት የባለቤቴን መስመር ስለሆነ የእሷንም እናቶች እየጠየቅን ነው፤ እስካሁን አራት ደርሰናል፣ በልጣኛለች።

እናንተስ? ስንት ትደርሳላችሁ? ኮሜንት ላይ ስድብ አትጻፉልኝ፤ የእናታችሁን እናት እናት ስም ጻፉልኝ። የማታውቁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ እናታችሁጋ ደውሉ። እናት በሕይወት ያለችው ሰው አይዘግይ።

መልካም ምሽት።